ገዳዩስ ተጸጸተ፤ ከፋዩስ?

አንድ ሰው በገንዘብ ተቀጥሮ ሰው ይገድላል። ሥራው ሲሰለቸው፥ ወይም አንዲት ሴት ደግ ቃል ስትናገረውና ልቡ ሲባባ፥ «ከእንግዲህስ ይበቃኛል» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ የርሱ ኀዘን፥ የርሱ እንቅልፍ ማጣት፥ የርሱ መዳን ነው። የሞቱት ሰዎች ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ወደቁ ይቀራሉ፤ የሚጠይቅላቸው የለም። በመኝታ ክፍሎቻችን ሽፋኑ እስኪገነጠል ድረስ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው መጽሐፍ ይህን የመሰለ ነው፤ አንዳንድ ጓደኞቻችንም «ጥልቅ የሰው ፍቅር ያለበት ድርሰት» እያሉ የሚያወድሱት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ለዚህ ዓይነቱ ፍቅር ሌላ ስም አወጣለታለሁ፤ የደም ሒሳብ ሳይከፈል መዝገብ መዝጊያ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነብ ተማሪ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል ከሚሉት መምህራን ጋር አልስማማም። ደኅና የወንጀል ልብ ወለድ አንድ ከተማ በማን ገንዘብ እንደሚተዳደር፥ ፖሊሱ ማንን አይቶ እንዳላየ እንደሚያልፍ፥ ድሀው ሲታሰር ባለጠጋው እንዴት እራቱን በሰላም እንደሚበላ፥ ከብዙ የኅብረተሰብ ትምህርት መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። (ይህን በማለቴ የክፍሉ መምህራን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።) ጠቤ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ጋር ሳይሆን ከአነባበባችን ጋር ነው። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው ባላጋራዎቼ ራሳቸው ዘወትር የሚጠቅሱትን መጽሐፍ ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1936 «የሚሸጥ ሽጉጥ» ብለን ልንተረጕመው የምንችለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ አሜሪካኖች «የሚከራይ ሽጉጥ» በሚል ስም አወጡት። ግሪን እንዲህ ያሉትን መጻሕፍቱን ከቁም ነገረኞቹ ለይቶ «መዝናኛዎች» ይላቸው ነበር፤ ትሕትና ይሁን ብልጠት እንጃ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሬቨን የሚባል ከውልደቱ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ወጣት፥ በአንድ የአውሮፓ አገር የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ሚኒስትር እንዲገድል ይቀጠራል። ይገድላቸዋል፤ ምስክር እንዳትሆንበት አሮጊቷን ጸሐፊያቸውንም አብሮ ይገድላል። ደመወዙ ሁለት መቶ ፓውንድ ነው። የተከፈለው የወረቀት ገንዘብ ግን የተሰረቀ ነው ተብሎ ቍጥሩ ለፖሊስ ተሰጥቶ ኖሮ፥ ሬቨን ገንዘቡን ማውጣት እንደ ጀመረ ይታደናል። ቀጣሪዎቹ መጀመሪያ በእጁ አስገደሉ፤ ቀጥለውም ባለ እጁን ለሕግ አሳልፈው ሰጡት።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ፖሊስ ሬቨንን ሲያሳድድ ስለ ሁለቱ ሬሳ አይደለም፤ ስለ ሁለት መቶው ፓውንድ ነው። ባልሠራው ስርቆት ይፈለጋል፤ በሠራው ግድያ የሚፈልገው የለም። አንድ የሕግ ተማሪ ስለ ንብረትና ስለ ነፍስ ክብር ጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢታዘዝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ሬቨን የከዱትን ሰዎች ዱካ ተከትሎ ኖትዊች ወደምትባል የፋብሪካ ከተማ ይሄዳል። በመንገድም አን ከምትባል የቴአትር ተወዛዋዥ ጋር ይገናኛል፤ ይህች ልጅ ደግሞ ሬቨንን የሚያሳድደው የፖሊስ መርማሪ እጮኛ ናት። በመጀመሪያ ሊገድላት አስቦ ወደ አንድ ባዶ ቤት አስገብቷት ነበር፤ ሰው ስለ ደረሰ ብቻ ተረፈች። (ይህን ክፍል የመጽሐፉ አወዳሾች ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም።) በኋላ ግን ሌሎች ሊገድሏት ሲሉ እርሱ ያድናታል፤ በፖሊስ ተከበውም በባቡር ጣቢያ አጠገብ በአንድ መጋዘን ውስጥ አብረው ያድራሉ። በዚያች የብርድ ሌሊት ሬቨን ሆዱን ይከፍትላታል። አባቱ ተሰቅሎ ሞቷል፤ እናቱ በገዛ እጇ ጕሮሮዋን ቈርጣ ሞታለች፤ እርሱ ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። በሎንዶን ቤቱ የሚያሳድጋት ድመትም አለችው። ጓደኞቻችን መሐረባቸውን የሚያወጡት እዚህ ላይ ነው።

እኔም አዝናለሁ። የድንጋይ ልብ የለኝም። ነገር ግን ጸጸቱን ቀረብ ብለን እንመርምረው። ሬቨንን የጸጸተው ምንድን ነው? ሚኒስትሩ እንደርሱ ከድሀ ቤት የተወለዱ፥ ለድሆችም የሚቈረቈሩ ሰው እንደ ነበሩ ከገደላቸው በኋላ መስማቱ ነው። ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ አልገድላቸውም ነበር የሚል ዓይነት ነገር ይናገራል። እንግዲህ የባላባት ልጅ ቢሆኑ ኖሮ ግድያው ደኅና ሥራ ነበር ማለት ነው? አሮጊቷ ጸሐፊስ? እርሷ እንደ ሚኒስትሩ የሚነገርላት ዝና የላትም፤ የሠራችው በደል ቢኖር በዚያች ሰዓት በሥራ ገበታዋ መገኘቷ ነው። ይህ ጸጸት «የወገኔን ሰው ሳላውቅ ነካሁ» የሚል ጸጸት ነው እንጂ «ሰው ገደልሁ» የሚል ጸጸት አይደለም። ግሪን ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህም ሬቨንን አላጸደቀውም፤ አን ራሷ የገዳዩን ማንነት ስትሰማ ትጸየፈዋለች፤ እርሱም በመጨረሻ ያመናት ብቸኛ ሰው እንደ ከዳችው አምኖ በፖሊስ ጥይት ይሞታል። መጽሐፉ መዳንን አልሰጠውም። የሰጠነው እኛ አንባብያን ነን፤ የድርሰቱ ባለቤት የነፈገውን እኛ ከኪሳችን ሳናወጣ ቸርነት አደረግን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ማን ከፈለ? ከሬቨን ጋር የተዋዋለው ሰው ተላላኪ ነው። ከተላላኪው በላይ ሰር ማርከስ የሚባል፥ የሚድላንድ ስቲል ኩባንያ ባለቤት የሆነ፥ ሞት አፋፍ ላይ የደረሰ ሽማግሌ አለ። ሚኒስትሩ ከሞቱ አውሮፓ ወደ ጦርነት ትሄዳለች፤ ጦርነት ከመጣ ብረት ይወደዳል፤ ብረት ከተወደደ የኩባንያው አክሲዮን ይወጣል። ይኸው ነው። ሁለት መቶው ፓውንድ ለሰር ማርከስ ከሻይ ወጪ አይቈጠርም።

ይህን ግሪን ከሕልሙ አላመጣውም። በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በሴናተር ጄራልድ ናይ የሚመራ ኮሚቴ ከ1934 እስከ 1936 የጦር መሣሪያ ነጋዴዎችን ትርፍ ሲመረምር ነበር፤ በእንግሊዝም በ1935ና በ1936 በዚሁ ጉዳይ ላይ ንጉሣዊ የምርመራ ኮሚሽን ተቀምጧል። የዚያን ዘመን አንባቢ ሰር ማርከስን ሲያይ ሰር ባሲል ዛሃሮፍን ማስታወሱ አይቀርም፤ ያ ሰው ለግሪክ አንድ ሰርጓጅ መርከብ ከሸጠ በኋላ፥ ግሪክ ሰርጓጅ ገዛችብሽ ብሎ ለቱርክ ሁለት የሸጠ ነው። ሳልናገር የማላልፈው ነገር ግን አለ፤ ግሪን ሰር ማርከስን ሲስል በዘመኑ በእንግሊዝ ይታይ የነበረውን በአይሁድ ላይ ያለ ጥላቻ እየጠቀሰ ያልፋል። ይህ የመጽሐፉ ነውር ነው። የጦር መሣሪያ ትርፍ ዘር የለውም፤ በዘር ያሳበበ ሰው እርሱም በበኩሉ ከፋዩን ይሸሽጋል።

በመጽሐፉ ውስጥ ለእኛ ለተማሪዎች ሊያሳፍረን የሚገባ አንድ ክፍል አለ። የኖትዊች ከተማ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ልምምድ ታደርጋለች፤ የሕክምና ተማሪዎችም ልምምዱን ጨዋታ አድርገውት ጭምብል ያላጠለቀውን መንገደኛ ሁሉ እየያዙ ይስቃሉ፥ ይቀልዳሉ። ከነርሱ የአንዱን ልብስና ጭምብል ሬቨን በሽጉጥ አስፈራርቶ ይወስዳል፤ ያንኑ አጥልቆ፥ የተሰነጠቀ ከንፈሩንም በዚያው ሸፍኖ፥ ወደ ሰር ማርከስ ቢሮ ይገባል።

መጽሐፉ የወጣው በሐምሌ 1936 መሆኑን ልብ በሉ፤ በእኛ አቆጣጠር 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ጣልያን፥ የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ፥ በአገራችን ወታደርና ገበሬ ላይ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አዝንባለች። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች፤ ሰኔ 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ቆመው ስለዚያው ጋዝ ለመንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። በእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ ተማሪዎች በጭምብል ሲጫወቱ፥ የሰሜን ገበሬ በነጠላው አፉን ይሸፍን ነበር። ይህን የምናውቅ የዚያ ገበሬ የልጅ ልጆች፥ መጽሐፉን ዘግተን የምናወራው ስለ ድመቲቱ ከሆነ፥ ማንበብ ተምረናል ለማለት ያስቸግራል።

በ1942 ሆሊውድ መጽሐፉን ፊልም አደረገው፤ አለን ላድ ሬቨንን ሆኖ፥ ቬሮኒካ ሌክ ልጅቷን ሆና ተጫወቱ። ታሪኩ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ፤ ባለ ብረቱም የመርዝ ጋዝ ቅመም ለጃፓን የሚሸጥ የኬሚካል ፋብሪካ ጌታ ሆነ። ሬቨን በመጨረሻ ከዳተኞቹን በሽጉጥ አስገድዶ የእምነት ቃላቸውን ያስፈርማል፤ ለአገሩ ውለታ የዋለ ሰው ሆኖ ይሞታል። ጦርነት ላይ ለነበረች አገር ይህ ይመቻታል። እንዲያም ሆኖ ፊልሙ ከፋዩን አልረሳውም። መረሳቱ የመጣው በኋላ ነው። በ1989 በወጣው የጆን ዉ የሆንግ ኮንግ ፊልም ውስጥ ገዳዩ በተኩስ መካከል የአንዲት ዘፋኝ ዓይን ያጠፋል፤ ለማሳከሚያዋ ገንዘብ ለማግኘት ሲል ደግሞ ሌላ ሰው ለመግደል ይዋዋላል፤ እኛም «ምን ያለ ጨዋ ነው» እንላለን። በ2014 የመጣው ጆን ዊክ ደግሞ ስለ አንድ ቡችላ ሞት ብሎ የሚገድለውን ሰው ቍጥር ተመልካች ራሱ ይስተዋል። ከሁሉም የሚገርመኝ ቡችላው በስም መጠራቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ፤ ስከራከር ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ነውና። «የእኛስ በላዔ ሰብእ?» ይሉኛል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድውይ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ከዳነ፥ ሬቨን ስለምን አይድንም? መልካም ጥያቄ ነው፤ ግን ለእኔ ይመሰክራል። አንደኛ፥ ተአምሩ ሙታኑን ቈጥሮ ነው የጀመረው፤ ሰባ ስምንት ብሎ። ባለ ልብ ወለዱ ግን አይቈጥርም። ሁለተኛ፥ ነፍሶቹ በአንድ ወገን፥ ውኃው በሌላ ወገን ሆነው በሚዛን ላይ ወጥተዋል፤ ፍርድ ተቀምጧል፤ ምሕረቱም ከፍርዱ ወንበር ፊት የተለመነ ነው። ሚዛን ሳይወጣ፥ ማንም ሳይለምን፥ ገዳዩ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲጋራ ስላጨሰ ብቻ የሚሰጥ ሥርየት ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገኘ ንገሩኝ።

ወደ ምድር ሥርዓት ብንወርድም ያው ነው። በብዙው የአገራችን ክፍል ደም የሚደርቀው ገዳይ ብቻውን አልቅሶ አይደለም። ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይንበረከካል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሳ ይቈረጣል፤ የሟች እናት ፊቱን ታየዋለች። ይህ ልማድ ጉድለት የለበትም አልልም፤ ካሳውን ብዙ ጊዜ የሚያዋጡት ያልገደሉ ዘመዶች ናቸው። ነገር ግን የሟች ቤተ ሰብ የሌለበት እርቅ አያውቅም። የወንጀል ሕጋችንም በገንዘብ ሰውን ለግድያ ያነሣሣውን ሰው «አንተ ሽጉጥ አልያዝህም» ብሎ አያሰናብተውም። ሽማግሌውም ዳኛውም የሚጠይቁትን ጥያቄ የተማረው አንባቢ ብቻ ተወው።

«ድርሰት ችሎት አይደለም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ችሎት ቢሆን ይግባኝ ይባልበት ነበር። ነገር ግን ይህ ክርክር የትርፍ ጊዜ ክርክር አይደለም። ከዚህ ግቢ ነገ የሚወጣው መሐንዲስ፥ የሒሳብ ባለሙያ፥ ጠበቃ፥ ጋዜጠኛ ሁሉ የሚከራይ ነገር ይዞ ይወጣል። «እኔ የታዘዝሁትን ሠራሁ፤ እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል» የሚለው ቃል የሬቨን ሙያ መግቢያ ነው። ድሆችን ከመሬታቸው የሚነቅለውን ውል አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ሽጉጥ አያስፈልገውም። እርሱም ከሃያ ዓመት በኋላ እንቅልፍ ያጣ ይሆናል፤ ስለ እንቅልፍ ማጣቱም የሚያምር መጽሐፍ ይጽፍ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ የምናነበው እኛው ነን፤ አነባበባችንንም የምንለማመደው አሁን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተቈጣ ጓደኛ ካለ መልሱን ለሚቀጥለው እትም ይላክ፤ አዘጋጆቹ ቦታ እንደማይነፍጉት አምናለሁ። ስለ ድመቲቱ ግን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አሮጊቷ ጸሐፊ ይጻፍልን።