ለኤንትሬ የተፈታ ምላስ ለትግርኛ ለምን ይታሰራል?

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ መቐለ ደርሰው ሲመለሱ የሚያሳዩን የአሮጌ መኪና ፎቶግራፍ ነው። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት እንደ ጀመረ፣ ኤንትሬ የምንለው የጭነት መኪናም የዚያው ዘር እንደ ሆነ ይተነትኑልናል። መልካም! ሾፌሩን በምን ቋንቋ አነጋገራችሁት ስንላቸው ግን «አማርኛ መች አነሰ?» ይሉናል።

አንሷል እንጂ! መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ ማለትን ከማን ተማርን? ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረው ከጣልያን አይደለምን? ይህን የጎንደሩም የመቐለውም መካኒክ ሳያጉረመርም አጥንቶታል። ታዲያ የወገን ቋንቋ ሲሆን የሚከብደን ስለ ምንድን ነው? «ይህች መኪና የማን ናት?» በትግርኛ «እዛ መኪና ናይ መን እያ?» ነው። አምስት ቃል፤ ያውም አንዷን፣ መኪናን፣ አስቀድመን እናውቃታለን።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት የትግርኛ አስተማሪ ይሰጠን።