ጥይት እንደ ስኳር ሊሸጥ አይገባውም





እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የአክስቴ ልጅ በአሜሪካን አገር ዳቦም፥ የልጆች መጫወቻም፥ ጥይትም ባንድ ጣራ ሥር በሚሸጥበት ትልቅ መደብር ተቀጥሮ ይሠራል። ባለፈው ሰሞን እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «ወንድም ጋሼ፥ አንድ ወጣት ብዙ ጥይት ሊገዛ መጣ። መታወቂያውን አየሁ፤ ዕድሜው ደርሷል፤ ሸጥሁለት። ነገር ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥፋት አለብኝን?»

ጥያቄው ከልጁ ይልቅ ለመደብሩ ባለቤቶች የሚገባ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን፥ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ኦሪት ዘዳግም ማዘዙን አስተምረውናል። ባለቤቱ ማንንም ገፍትሮ አልጣለም፤ ሆኖም መከታ ባለማድረጉ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። ጥይት የሚሸጥም እንዲሁ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1968 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ባወጣው ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ የጠመንጃ ጥይት ከ18 ዓመት በታች፥ የሽጉጥ ጥይት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይሁን እንጂ በ1986 የወጣው ሕግ ጥይት ብቻ የሚሸጥን ነጋዴ ከፈቃድ ነፃ አደረገው፤ የገዢን ስም የመመዝገብ ግዴታም በአመዛኙ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ነገር ለክፍላተ ሀገሩ ሕግና ለነጋዴው ኅሊና የተተወ ሆነ።

ኅሊናም ቢሆን ሥራ ሲሠራ ታይቷል። በ1999 በኮሎራዶ በኮሎምባይን ትምህርት ቤት በአንድ ቀን 12 ተማሪዎችና 1 መምህር ተገደሉ። ገዳዮቹ ከተጠቀሙበት ጥይት ከፊሉ የተገዛው ኬማርት ከሚባለው መደብር ነበር። በ2001 ከቆሰሉት ተማሪዎች ሁለቱ ከፊልም ሠሪው ከማይክል ሙር ጋር ወደ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ሄደው አቤት ቢሉ፥ ኩባንያው የሽጉጥ ጥይት መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። መምህር እንደ መሆኔ ይህን ሳነብ አፈርሁም፥ ኮራሁም፤ ያፈርሁት ነገሩ ለቆሰሉ ልጆች በመተዉ፥ የኮራሁት በልጆቹ ነው።

በነሐሴ 2019 ደግሞ በቴክሳስ ኤል ፓሶ በሚገኝ የዋልማርት መደብር በተከፈተ ተኩስ 23 ሰዎች ሞቱ። በወሩ ኩባንያው የእጁ ክምችት ሲያልቅ የሽጉጥና የአንዳንድ አጫጭር ጠመንጃ ጥይት መሸጥ እንደሚያቆም ገለጠ፤ በጥይት ገበያ ያለው ድርሻም ከመቶ 20 ገደማ ወደ 6 ወይም 9 ዝቅ እንደሚል ራሱ ገመተ። የአደን ጥይት መሸጡን ስላልተወ አዳኙ አልተጎዳም።

«እኔ ባልሸጥ ጎረቤቴ ይሸጠዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አንዱ የተወውን ሌላው ያነሣዋል። ነገር ግን ይህ የሚያስረዳው ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆን እንዳለበት እንጂ ነጋዴው እጁን መታጠብ እንደሚችል አይደለም። የገዢው ስም መመዝገብ ቢመለስ አንድም ቅን ሰው አይጎዳም።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በእኛው አቆጣጠር) የጦር መሣሪያንና ጥይትን በመንግሥት ፈቃድ ሥር አድርጓል። አዋጁ ግን በሻጩና በገዢው ልብ ካልተጻፈ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን አይበቃም።

ለአክስቴ ልጅ የጻፍሁለት መልስ ይህ ነው፤ «ወንድሜ፥ ሕግ አልጣስህም። ዳግመኛ ልብህ ሲጠራጠር ግን ሽያጩን አቁመህ አለቃህን ጥራ። ከሥራህ ቢያስወጡህ ሌላ ሥራ ይገኛል፤ የወጣ ጥይት ግን አይመለስም።»

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር