የመዳቡ ገዢ ይጠየቅ

ካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ሱቅ ዐረቢን ያውቀዋል። ከዴምም ሆነ ከሌላ ሰፈር ተነሥቶ በታላቁ መስጊድ ዙሪያ ወደ ተዘረጋው ገበያ ይወርዳል፤ ልብስ ይገዛል፣ ወርቅ ያስመዝናል፣ ለቤተሰቡ ብር የሚልክበትን ሰው ያገኛል። የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲነሣ መሀል ከተማው የውጊያ ሜዳ ሆነና ገበያው ተቃጠለ፣ ተዘረፈ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 አካባቢውን መልሶ ሲይዝ ከካርቱም የጠፋው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ገመድ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ትራንስፎርመሮች ዘይታቸው ፈስሶ ሆዳቸው ተዘርግፏል። የተፈለገው መዳቡ ነው።

ይህን ዘረፋ የጠመንጃ ሥራ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው እላለሁ። መዳብ አይበላም፣ አይለበስም። ገዢ ከሌለው ማንም በካርቱም ፀሐይ አስፋልት ሲቆፍር አይውልም። ከቆፋሪው ጀርባ ሚዛን ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ከእርሱም ጀርባ መጋዘን ያለው፣ ከዚያም ጀርባ ማቅለጫ ያለው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ «ከየት መጣ?» የሚል ግን ይጠፋል። ሱዳኖች «ኹርዳ» ይሉታል፣ እኛ ቁርጥራጭ ብረት፤ በሁለቱም አገር ግን ሚዛን ላይ የወጣ ነገር ባለቤት እንደሌለው ይታሰባል። ትራንስፎርመር ሲፈታ የሚሸጥ መዳብ ብቻ ይወጣዋል። ሳይፈታ ግን የሰፈሩ ዳቦ ቤት፣ የውኃ ፓምፑና የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ በእርሱ ነበር የሚሠሩት።

እሳት ሁሉን ያጠራል የሚለው እምነትም ብዙ ሰው ያሳስታል። ብረት ከወረቀትና ከፕላስቲክ በተለየ በተደጋጋሚ ሲታደስ አይደክምም፤ ይህ እውነት ነው። አሮጌ አሉሚኒየም ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ከማምረት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል፣ ስለዚህ ሥራው ራሱ ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ምድጃው የገባበትን ሁሉ አያስወግድም። ከሞተር ጥቅልል የተረፈ መዳብ ከብረት ጋር አብሮ ከቀለጠ በተራ ምድጃ መለየት አይቻልም። ፌሮ ለመሳብ ብረቱ ዳግም ሲሞቅ ላዩ ዝጎ ይራገፋል፤ መዳቡ ግን ይቀርና ቀልጦ በቅንጣቶቹ መካከል እየገባ ይሰነጥቀዋል። በካሜሩን በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከውድቅዳቂ አሉሚኒየም በእጅ የሚሠሩ ድስቶች ወደ ምግብ እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቁጭ ብሎ በማግኔትና በሞረድ ብረት የሚለይ ሰው እንግዲህ የሚሠራው የባለሙያ ሥራ ነው፤ ክፍያውም ክብሩም በዚያ ልክ ሊሆን ይገባል።

ገመድ አቃጥሎ መዳቡን ማውጣት ደግሞ ማንንም አይጠቅምም። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሳንባ የሚቆጠቁጥ አሲድና ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይለቃል፤ መዳቡም ጠቁሮ ዋጋው ይወርዳል። በቢላ የተላጠው ይሻላል። የተቃጠለ ገመድ የማን እንደ ነበር የሚናገረው ሽፋኑም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ሌባ ማቃጠል ቢመርጥ አይገርመኝም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ብረት ምን ያደርጋል?» የሚለው ድፍረት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ የካንሰር ሕክምና ተቋም አንድ መሣሪያ ፈትተው ለቁርጥራጭ ነጋዴ ሸጡ። በውስጡ የነበረው ጨረራማ ሲዚየም መቶ ግራም አይሞላም። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ካርቱም ውስጥ ደግሞ ያልፈነዱ ጥይቶች ከፍርስራሹ ጋር ተቀላቅለዋል፣ ሆስፒታሎችም ተዘርፈዋል። እዚያ ኹርዳ የሚለቅም ልጅ የሚያነሣውን ዕቃ አያውቀውም።

እኛም ዘንድ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ብረታቸው እየተፈታ ስለሚወድቁ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ደጋግሞ አሳውቋል። የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ፈቺው ነው። እኔ የምጠይቀው የምሰሶ ብረት፣ የኃይል ገመድና የትራንስፎርመር መዳብ የሚገዛ መጋዘን የሻጩን መታወቂያ እንዲመዘግብ፣ ክፍያውን በባንክ እንዲፈጽም፣ የተቃጠለ ገመድ ጨርሶ እንዳይቀበል ነው። ይህን ያላደረገ ፈቃዱን ይነጠቅ። በየደጁ እየዞረ አሮጌ ድስትና የተሰበረ ወንበር የሚሰበስበው ቆራሌው ግን በዚህ ሕግ ሊንገላታ አይገባም፤ የምሰሶ ብረት በትከሻው አይሸከምም።