«መብራት አለ፣ ጉልበት ግን የለውም»

ጳውሎስ አካባቢ በተከራየሁበት ግቢ እኛ ልጆቹ «እትዬ» የምንላቸው እናት አሉ። የሚተዳደሩት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው። ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፍቶ አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሬዲዮ ስከፍት «ተቋርጦ የነበረው የኤሌክትሪክ ኃይል ተመልሷል» ይላል። እውነት ነው፣ አምፖሉ ይበራል። እትዬ ግን ምጣዱ አልግል ብሏቸው ሊጡን እያዩ ተቀምጠዋል። «መብራትማ አለ ልጄ፣ ጉልበት ግን የለውም» አሉኝ።

ታዲያ በትክክል የዘገበው ማን ነው? እንደ እኔ እምነት እትዬ ናቸው!

ሁለተኛ ደረጃ ሳለን «ፖቴንሻል ዲፈረንስ ማለት ሥራ ሲካፈል ለቻርጅ ነው» ብለን ሸምድደናል። ጋዜጠኝነት ስንገባ «ከፊዚክስ ተገላገልን» ብለን ደብተሩን ጣልነው። ነገሩ ግን ከባድ አይደለም። 2 ኩሎም ቻርጅ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ለማድረስ 440 ጁል ሥራ ከተሠራ፣ 440ን ለ2 ማካፈል ነው፤ 220 ቮልት ይመጣል። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልትም ቀለል አድርገን ስናየው፣ እያንዳንዱ ኩሎም 220 ጁል ሥራ የሚሠራበት ጉልበት ይዞ መጣ ማለት ነው። እትዬ «ጉልበት» ያሉት ይህንኑ እኮ ነው!

ይህ ጉልበት መንገድ ላይ ያልቃል። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ሲሆን፣ ሰፈሩም ሁሉ ምጣዱን በአንዴ ሲሰካ፣ ከ220ው ጁል ከፊሉ ሽቦ ሲያሞቅ ይቀራል። 110 ብቻ ቢደርስ የምጣዱ ሙቀት የሚወርደው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ገደማ ነው። ለምን ቢሉ፣ የእያንዳንዱ ኩሎም ጉልበት በግማሽ ሲቀንስ በምጣዱ የሚያልፈው የኩሎም ብዛትም አብሮ በግማሽ ይቀንሳል። አምፖል ሊበራ ይችላል፤ እንጀራ ግን ዓይን አያወጣም።

ከሰፈር ወጥተን በሀገር ደረጃ ብናየውም ያው ነው። ከታላቁ የህዳሴ ግድብ የሚነሳው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው። እያንዳንዱ ኩሎም 500,000 ጁል ከተሸከመ ጥቂት ኩሎም ብዙ ሥራ ያደርሳል፤ መንገድ ላይ የሚባክነውም ያንሳል። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን አብዛኞቻችን የያዝነው 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ግድቡ የማመንጨት አቅሙ ስንት እንደሆነ ይነግረናል፤ እትዬ ቤት ስንት ቮልት እንደደረሰ ግን አይነግረንም።

«አድማጭ በቁጥር ይሰለቻል» የሚሉ የክፍል ጓደኞች አሉኝ። ቁጥሩን ካላብራራነው ልክ ናቸው። እኛ ግን ቮልቱንም፣ ዋቱንም፣ ጁሉንም «ኃይል» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልለን እናልፋለን። ስለዚህ ነገ ማይክ ይዘን ስንወጣ «ኃይሉ ተመለሰ ወይ?» ብለን አናብቃ፤ «ስንት ቮልት ደረሰ?» ብለን እንጨምር።

እትዬ ያን ዕለት ሊጡን ደፉት። ዜናው ግን እንደተነበበ ቀረ።

ቸር እንሰንብት!