ሁለት ቀፎ ይበቃል



ትምህርት ጨርሰው ሥራ ያጡ ወንድሞችና እህቶች ንብ ማነብ ሲያስቡ የሚያስፈራቸው የዘመናዊው ቀፎ ዋጋ ነው። ባለ ፍሬሙ ቀፎ ማር ማጣሪያና የሰም ማተሚያ ስለሚጠይቅ አንዳንዱ ወለድ ወዳለበት ብድር ያመራል። ይህ ግን ግዴታ አይደለም።

የሽግግር ቀፎ የሚባል መካከለኛ መንገድ አለ። ከጨፈቃ ወይም ከሸንበቆ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይመረጋል። ቁም ነገሩ ከላይ የሚደረደሩት ርብራብ እንጨቶች ናቸው። የእያንዳንዱ ወርድ 3.2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ንቦቹ ሰፈፉን ከሁለት እንጨት ጋር አጣብቀው ይሠሩታልና ሳይሰብሩ ማውጣት ይቸግራል። በእንጨቱ የታችኛው ገጽ መሐል ላይ ቀጭን የሰም መስመር ቢፈስ ንቦቹ መጀመሪያቸውን ያገኛሉ።

ንብ መግዛትም የግድ አይደለም። ክረምቱ አልፎ አበባ ሲፈነዳ መንጋ ይነሳል። ቀፎውን በወይራ ጭስ አጥኖ፣ በሰም አሽቶ ዛፍ ላይ መስቀል የአባቶቻችን ዘዴ ነው። ንቡ ከገባ በኋላ በማታ አውርዶ መደብ ላይ ማኖር ነው። የአገራችን ንብ ቁጡ ስለሆነ ቦታው ከመንገድ፣ ከልጆች መጫወቻና ከብት ከሚታሰርበት ይራቅ፤ ውኃ ግን አይራቀው። በመደቡ እግር ዙሪያ አመድ መነስነስ ጉንዳንን ይከላከላል።

ማር ሲቆረጥ በሰም የተከደነው ብቻ ይወሰዳል። እጭ ያለበት አይነካም፤ ለንቦቹም ስንቅ ይተዋል። ሁሉን ጠርጎ የወሰደ ሰው ባዶ ቀፎ ታቅፎ ይቀራል፤ የተራበ ንብ ጥሎ ይሄዳልና።

አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ከሚመረተው ማር አብዛኛው የሚውለው ለጠጅ ነው። ሰፈፍና እጭ የተቀላቀለበትን ማር የሚረከበውም በአመዛኙ ይኸው ገበያ ነው። ሐላል ገበያ የሚሻ ወጣት እንግዲህ ማሩን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ፣ በንጹሕ ዕቃ አሽጎ ለየቤተሰቡ ገበታ ያቅርብ። ስኳር የቀላቀለ ሻጭ አንዴ ይሸጥ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን አይመለስም፣ በአላህ ዘንድም ተጠያቂ ነው። ሰሙም አይጣል፤ ቀልጦ ሲጣራ ራሱን የቻለ ገቢ ነው።

ከመጀመሪያው ሽያጭ ትርፍ ሦስተኛው ቀፎ ይሠራል። እንዲህ እያለ ያደገ ሥራ ዕዳ የለበትም። ወላሁ አዕለም።