ገብስ ገብሱን

በአገራችን ልማድ ከባዱን ነገር ወደ ጎን ትቶ ለጆሮ የሚመቸውን ብቻ የሚጨዋወት ሰው «ገብስ ገብሱን አወራ» ይባላል፤ እኔም ባለፈው ጥቅምት አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ከአዳማ ተነሥቼ፣ አዋሽን ተሻግሬ፣ የዴራን ሙቀትና የኢተያን የስንዴ ማሳ ወደ ኋላ እየተውሁ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጉዤ አሰላ ስገባ፣ በዚያች ምድር ላይ ያለፈው ታሪክ ብዙ ከባድ ነገር እንዳለበት ሳልዘነጋ፣ እስከ እሑድ ድረስ ግን ይህን ፈሊጥ በቁሙ ተርጉሜ ገብስ ገብሱን ልበላ ቆርጬ ነበር።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ራሱ ከ4000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ የጥቅምት ብርዷ ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እጅን ከኪስ አያስወጣም። እንግዳ ወደዚያ ሲመጣ የሚጠይቀውም የሚነገረውም ስለ እግር ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ እንዳጠለቀች ሕፃኑ ሁሉ ይተርክለታል፤ እነዚያን እግሮች ስላቆመው ማዕድ ግን የሚጠይቅም የሚነግርም አላጋጠመኝም።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበረ ጾም ነው፤ ጾም ደግሞ የጎዳና ምግብ ወዳጅ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ትንሽ ራቅ ብሎ አንዲት እናት ድንች ቀቅለው፣ እንዳይበርድ በፌስታልና በጨርቅ ሸፍነው፣ ዳጣውን በትንሽ ጣሳ ከጎናቸው አኑረው ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ በቆሎ በከሰል የምትጠብስ ልጅ፣ ከእርሷ ቀጥሎ ፓስቲ በትልቅ መጥበሻ የሚያገላብጥ ጎረምሳ አለ። ድንቹ ሲላጥ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይወጣል፤ ዳጣው አፍንጫን ያስለቅሳል። ቆሎ ገዛሁ፤ ሻጯ በስኒ ሰፍራ «ምራቂ» ብላ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝና ከተማሪ የሒሳብ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቀለለችልኝ፤ ቆሎውን ስጨርስ ልጁ ከአሥር ስድስት ማግኘቱን ከወረቀቱ ላይ አነበብሁ።

ጨዋ ሰው በመንገድ ላይ አይበላም ተብሎ ላደገ ለእኔ ትውልድ ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ያ ሥርዐት የመጣው ዐይን ያርፍበታል ከሚለው ፍርሃት ብቻ ሳይሆን፣ የራበው ወገን እያየ መብላት ኃጢአት ነው ከሚል ርኅራኄም ጭምር ስለሆነ፣ ዛሬ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረው የሚስቁበትን ሰዎች አልተባበርም። ነገር ግን በዮሐንስ ወንጌል እንደተጻፈው መድኃኔ ዓለም ያን አምስት ሺሕ ሕዝብ በሜዳ ሣር ላይ አስቀምጦ ሲመግብ፣ በብላቴናው እጅ የተገኘው እንጀራ የገብስ ነበር፤ በአደባባይ መብላትም ገብስም ከዚያ የሚበልጥ ምስክር አያሻቸውም ብዬ ድንቼን ቆሜ ጨረስሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነገሩ ተለወጠ። ወቅቱ ወርኀ ጽጌ ቢሆንም የጽጌ ጾም የፈቃድ ነውና፣ እኔም ለደካማ ሥጋዬ ፈቃዱን አልነፈግሁትምና፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ሆቴል ገብቼ ከገብስና ከቅቤ የሚሠራውን ጭኮ እንዲያመጣልኝ አስተናጋጁን ለመንሁት። ልጁ በትሕትና ፈገግ አለና «ጋሼ፣ እሱ እኮ የቤት ነው፤ ኬክ ላምጣልዎት?» አለኝ። መስተዋቱ ውስጥ ቀይ ክሬም የተቀባ፣ ጠርዙ የደረቀ ኬክ ነበረ፤ ከጎኑ ቦምቦሊኖ። ቦምቦሊኖን አልጠላም፤ ስሙ እንደሚመሰክረው ከጣልያን የመጣ ቢሆንም ከእኛ ጋር እስኪያረጅ ድረስ ኖሯል። ያሳዘነኝ፣ በገብስ አገር መካከል ተቀምጠን ገብሱን «የቤት ነው» ብለን መሸሸጋችን ነው።

ነገሩ ከቋንቋ የጀመረ ይመስለኛል። በአማርኛ «ጣፈጠ» ስንል ስኳር ማለታችን አልነበረም፤ ጨው የገባበት ወጥ ይጣፍጣል፣ ማር ይጣፍጣል፣ የሰው አንደበት ይጣፍጣል፤ የግእዙ «ጥዑም»ም እንዲሁ ሰፊ ነው። ኬክ ቤቱ ይህን ሰፊ ቃል ወስዶ በስኳር ውስጥ አሰረው፤ ከዚያ ወዲህ ጣፋጭ የሚባለው በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ብቻ ሆነ፣ ጭኮም ከቃሉ ተባርሮ ከቤት ቀረ።

ያን ጭኮ የበላሁት ከቀትር በኋላ በአንድ የዱሮ ወዳጄ ቤት ነው። ባለቤቱ ገብሱን አምሰው፣ ገለባውን አራግፈው፣ አድቅቀው አስፈጭተው፣ በኮረሪማና በሌላም ቅመም በተነጠረ ቅቤ ከጨው ጋር ሲያሹት፣ ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ አሸዋ ይበታተንና ቅቤውን ሲጠጣ ቀስ በቀስ እየጠቆረ፣ እየተያያዘ፣ በመጨረሻ በገበቴው መካከል እንደ ጉብታ ይቆማል። በማንኪያ ሲቆርሱት ፍርክስ ይላል፤ አፍ ውስጥ ግን ይቀልጣል፤ የተቆላው ገብስ ሽታ ከኮረሪማው ቀድሞ ይደርሳል። ከጎኑ በወይራ ከታጠነ ቅል የተቀዳ እርጎ ነበረ፤ ጭሱ ከወተቱ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ለመግለጽ ብዕሬ አይበቃም። ጎረቤቱ ሐጂም ለጥየቃ ገብተው ነበርና ከዚያው ገበቴ ከእኛ ጋር ቆረሱ። ሥጋ ቢሆን የማን ካራ፣ የማን ቡራኬ ተብሎ ገበታው ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ገብስና ቅቤ ግን ባርኮ የሚያርድ ስለማይሹ፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በአርሲ ምድር ከእነርሱ የሚሻል የጋራ ማዕድ የለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት ያመጣሁት እኔ ነበርሁ፤ ሐጂ ግን ጭኮውን እያመለከቱ «ይኸ አጥንት የለው፣ ይሻላል» ብለው አሳቁን።

ገብሱ በአገሩ ሳይከበር ቀርቷል ማለቴ አይደለም። በ1970ዎቹ የተሠራው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የአርሲን ገብስ እየተቀበለ ለቢራ ጠማቂዎች ያሰናዳል፤ ስለዚህ የአርሲ ገብስ በጠርሙስ ተሞልቶ አዲስ አበባ ባለ ሆቴል ጠረጴዛ ላይ በክብር ሲቀመጥ፣ በገበቴ ሆኖ ግን በአሰላ ሆቴል ጠረጴዛ ላይ ቦታ አጥቷል። ከዚያም በፊት፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ የስንዴ ዘርና የተዳቀለች የወተት ላም ለገበሬው አስተዋውቆ፣ ጭላሎን የስንዴ አገር አሰኝቷታል። ትራክተሩ በገባበት መሬት ላይ ስንቱ ጭሰኛ እንደተነቀለ የዚያ ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ፤ ይህ ግን ገብስ ገብሱ አይደለምና ልለፈው።

እንግዲህ የምለው፣ ጭኮ ከቤት ይውጣ ነው። ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቃወመኝ፤ «ከቤት ሲወጣ ቅቤው ቅቤ መሆኑን ማን ያውቃል?» አለ። እውነት አለው፤ በቅቤ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ ወሬው በየከተማው ይሰማል፤ የቤት እመቤት ግን የምትመግበውን ሰው ታውቀዋለችና አታታልለውም። ስለዚህ ጭኮን ለሆቴሉ ወጥ ቤት ከማስረከብ ይልቅ፣ ድንች በፌስታል ሸፍነው ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቅባቸው ለእነዚያ ሴቶች ከተማው ጣራና ንጹሕ ውኃ ያለው አንድ ስፍራ ቢሰጣቸው፣ እያንዳንዷ የራሷን እጅ ሥራ በራሷ ፊት ብትሸጥ፣ ገዢው ሻጯን ያውቃታል፣ ሻጯም ደንበኛዋን ታውቃለች። ጣራው የሚፈጀው ገንዘብ ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስመለስ የወዳጄ ባለቤት ለመንገድ ይሆንሃል ብለው ጭኮ በትንሽ ሰሐን ክዳን ደፍተው ሰጡኝ፤ ጭኮ ሳይበላሽ ብዙ ስለሚቆይ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ስንቅ ነውና። በአውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ለእናቷ የገዛችውን የኬክ ካርቶን እንዳይጨፈለቅ በጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። ኢተያን ስናልፍ ሰሐኑን ከፈትሁና እንደ ልማዳችን «እንብላ» አልኋት። አፍራ ትንሽ ቆረሰች፤ ዝም አለች፤ ደግሞ ቆረሰች።

«አባባ፣ ይኸንን የት ገዙት?» አለችኝ።

«አልተገዛም፣ ልጄ» አልኋት፤ እርሷም ካርቶኑን ወደ እግሯ ሥር አወረደችና ሰሐኑን በመካከላችን አስቀመጥነው።