«አይሆንም» ማለትና ዋጋውን መክፈል

ወገኖች፣ ዛሬ ረጋ ብለን የምንነጋገርበት ጉዳይ አለ።

አንዲት የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ድምፅ ሰጠች የሚል ዜና በመጣ ቁጥር ምን እንደምናደርግ ታውቁታላችሁ። ርዕሱን አይተን ውስጡን ሳናነብ እንሳደባለን። «እኛ አገር ይህ አይታሰብም» ብለን እንጽፋለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ እንተኛለን። በማግስቱ ሌላ አጀንዳ ይመጣል። እንዲህ ያለው «አይሆንም» አምስት ሳንቲም አያስከፍልም። ስለዚህም ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

የምነግራችሁ ዋጋ ስላስከፈለ «አይሆንም» ነው። የተባለውም እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ምክንያቱ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ያሳለፏቸው ውሳኔዎች ናቸው። እናንተ ኦርቶዶክስ ሁኑ፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ ወይም ሙስሊም፣ ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ማን ከማን እንደተለያየ እንይ። የስዊድን ሚሲዮናውያን ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ከባርነት ነፃ ወጥቶ እነሱ ዘንድ የተማረው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ አስቴር ጋኖ እያገዘችው፣ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለኅትመት ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ሆና ስትቋቋም ከኢትዮጵያውያኑ ወንጌላውያን ጎን የእነዚህ ሚሲዮናውያን የብዙ ዓመት ድካም ነበረበት። የአሜሪካኖቹም ዝምድና ቀላል አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩትና በኋላ ደርግ የገደላቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነገረ መለኮት የተማሩት በሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ ነው። የአሜሪካዋ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የ2009ኙን ውሳኔ ያሳለፈችው ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ነው። መካነ ኢየሱስ የተለያየችው ከማታውቀው ባዕድ ጋር አልነበረም፤ ፊደል ካስቆጠሯትና አብረዋት ከጸለዩ ሰዎች ጋር ነው።

ውሳኔዎቹስ ምን ነበሩ? ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2009 ጀምሮ የመንግሥት የጋብቻ ሕግ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ተከፈተ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ፣ ከ249 አባላቱ 176ቱ ደግፈውት፣ እነዚህን ጥንዶች በቤተ ክርስቲያን ለማጋባት ወሰነ። የአሜሪካዋ ነሐሴ ላይ በ559 ለ451 ድምፅ፣ በተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ውስጥ ሆነው በአደባባይ በታወቀና ዕድሜ ልክ ታማኝ በሆነ ኪዳን የሚኖሩ ሰዎች በቅስና እንዲያገለግሉ መንገድ ከፈተች።

እዚህች ላይ ቆም በሉ። 559 ለ451! አዳራሹ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም። «ምዕራቡ» እያልን የምንጠራው አንድ አፍ ያለው አካል የለም። ውሳኔውን ከተቃወሙት ብዙዎቹ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2010 የሰሜን አሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያንን መሥርተዋል። ያጸደቁትም ቢሆኑ በአንድ ሌሊት አልደረሱበትም። ጥናቱ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ስምንት ዓመት ተከራክረውበታል። የደረሱበትን መቀበል አይጠበቅብንም። ግን «ብድግ ብለው ሃይማኖታቸውን ሸጡት» ብለን ከተነሣን ገና ከመጀመሪያው ውሸት ይዘናል። ውሸት ይዞ እውነትን መጠበቅ አይቻልም።

መካነ ኢየሱስ ስድብ አልጻፈችም። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ወስዳ፣ ጉዳዩን በራሷ መዋቅር አሳልፋ፣ በጠቅላላ ጉባኤዋ አጸደቀችው። አባሎቿ ከሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ቄሶች እጅ ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀበሉ፣ አብረውም እንዳይቆርቡ ወሰነች። ይህ ለአማኝ ከባድ ቃል ነው። በሌላ በኩል ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አልወጣችም። የለየቻቸው አብያተ ክርስቲያናት በሚቀመጡበት አዳራሽ የራሷን ወንበር አልለቀቀችም። «አይሆንም» ብላ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ከገንዘቡ አንፃርም አስቡት። ለሥልጠና፣ ለትምህርት፣ ለጤናና ለልማት ሥራ ከውጭ አጋር ጋር ተሳስሮ የኖረ ተቋም ግንኙነት ሲያቋርጥ በጀቱ ላይ ምን እንደሚሆን ለመገመት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ያንን እያወቁ ነው የወሰኑት።

ይህ ድፍረት ከየት መጣ? ሥሩ ቀደም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1972፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ እናንተ ለልማት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ሥራና ለአጥቢያዎቻችን ግን እጃችሁ ያጥራል፤ ሰውን ግን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ መክፈል አትችሉም፤ እኛ የሚያስፈልገንን እኛ እናውቃለን። ደብዳቤው የዓለም ሉተራኖችን አነጋገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ናይሮቢ ላይ ምክክር ተደረገበት። ልብ በሉ፣ ያኔ የተመሳሳይ ፆታ ጉዳይ አጀንዳ አልነበረም። ጥያቄው «የሚከፍለው ሰው ስለ እምነታችን ይወስናል ወይ?» የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ቀድማ የመለሰች ቤተ ክርስቲያን ከ40 ዓመት በኋላ ሌላ ጥያቄ ሲመጣባት አልደነገጠችም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን የምትወስነው ራሷ፣ በመጽሐፏ፣ በጸሎቷና በጉባኤዋ መሆን አለበት። ለጋሽ አይወስንላትም። የኢንተርኔት ጩኸትም አይወስንላትም። አዎ፣ እኛንም ይጨምራል።

ሁለተኛው ነጥብ ለአንዳንዶቻችሁ ይመርራል፤ ግን መባል አለበት። አፍሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት «አይሆንም» ያሉባቸው ታላላቅ ውሳኔዎች ሰው አሳድዱ አላሉም።

ማስረጃ ካላችሁኝ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአንግሊካን ጳጳሳት ላምቤዝ በሚባለው ጉባኤያቸው ተሰበሰቡ። በ526 ለ70 ድምፅ፣ የአፍሪካ ጳጳሳት በብርቱ ደግፈውት፣ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትም ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አይሄድም ብለው ወሰኑ። ይህን ሁላችንም እንጠቅሳለን። የማንጠቅሰው ያው ውሳኔ በዚያው ገጽ የያዘውን ነው፦ እነዚህን ሰዎች መስማት ይገባል፣ በእረኝነት መያዝ ይገባል፣ በጭፍን ፍርሃትና ጥላቻ ማየት ይወገዛል ይላል።

የካቶሊኮቹንም እንይ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ቫቲካን ቄሶች የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ከሥርዓተ ቅዳሴ ውጭ ባርከው እንዲሸኙ የሚፈቅድ ሰነድ አወጣች። እኛ ጋ «ቫቲካን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ፈቀደች» ተብሎ ተዛመተ። ሰነዱ ግን የጋብቻ ትምህርቱን እንዳልለወጠ ራሱ ይናገራል። በጥር 2024 የኪንሻሳው ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎችን አስተያየት ሰብስበው ሮም ሄዱ፤ ከዚያም አፍሪካ ውስጥ ይህ ቡራኬ እንደማይሰጥ አስታወቁ። ከሮም ጋር ግን አልተለያዩም። በዚያው መግለጫ ላይም የተመሳሳይ ፆታ ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች በአክብሮት ሊያዙ ይገባል ተብሎ ተጽፏል። ይህንን ሼር ያደረገ ስንት ሰው አያችሁ?

ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር፤ ይቺ ከሁሉም በላይ የአፍሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1888 የአንግሊካን ጳጳሳት ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ሰው እንዳይጠመቅ ወሰኑ። ሕጉ ለንደን ላይ ሲታይ ንጹሕ ነበር። አፍሪካ ውስጥ ግን ሦስት ሚስት ያለው ገበሬ ክርስቲያን ልሁን ሲል ሁለቱን ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ መጣል ነበረበት። ማን ያብላቸው? ልጆቹስ የማን ይባሉ? ጥያቄው 100 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጳጳሳቱ እንዲህ ያለው ሰው ከሚያምኑት ሚስቶቹና ልጆቹ ጋር እንዲጠመቅ፣ ሌላ እንዳያገባ ቃል እንዲገባ፣ ሴቶቹን ግን እንዲያባርር እንዳይገደድ ወሰኑ። የአንድ ለአንድ ጋብቻ ትምህርት አልተነካም። ሴቲቱም ሜዳ ላይ አልተጣለችም። ይህን ጥበብ ለዓለም ቤተ ክርስቲያን ያስተማረው አፍሪካ ነው። እንኮራበት ካልን በዚህ እንኩራ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ምን እያደረግን ነው? የሰው ፎቶ እንለጥፋለን። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የሚሠራበትን ቦታ እንጽፋለን። ማስረጃው ምንድን ነው ሲባል «አለባበሱን እዩት»። የተጣላችው ጓደኛዋ የለጠፈባት ልጅ ከቤት ትባረራለች፣ ከሥራ ትወጣለች፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ማንም ይቅርታ አይጠይቃትም። እውነት ሆኖ ቢገኝስ? እናቱ ፊት የተደበደበ ልጅ ወደ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይመጣል? ለየትኛው የንስሐ አባት ነው ልቡን የሚከፍተው? አገሪቱ ሕግ አላት፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ድርጊትን ይከለክላል። ሕጉ ግን ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ገራፊም አድርጎ የሾመው የቴሌግራም ግሩፕ የለም። ቤተ ክርስቲያንም አልሾመችንም። «ለሃይማኖቴ ቀንቼ ነው» የሚል ካለ የሃይማኖቱን መምህር ሄዶ ይጠይቅ።

ይህን ስላልኩ «ተሸጠ» የሚለኝ ይኖራል። ይበል። መካነ ኢየሱስ በጀቷን አስይዛ «አይሆንም» ስትል አንድም ሰው አስደብድባ አይደለም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው፦ ጋብቻን እንጠብቃለን ካልን ሙሉውን እንጠብቅ። የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ካለ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ግን የ14 ዓመት ልጅ ትዳራለች፤ ሰርጉ ላይ ቄሱም፣ ሽማግሌውም፣ እኛም እንበላለን። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ከፊት ወንበር ይቀመጣል። አንዷን አስረግዞ የጠፋ ጎረምሳ ስለ ስቶክሆልም ጋብቻ ፖስት ይጽፋል። የሩቁን ኃጢአት በአጉሊ መነጽር፣ የቅርቡን በጨለማ መነጽር ማየት ይሉሃል ይኼ ነው። ስለ ሥጋና ስለ ጋብቻ የሚመረምር ጉባኤ አጀንዳው ላይ እነዚህ ከሌሉ ምርመራው ገና አልተጀመረም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቀጣዩ ዜና ሲመጣ (መምጣቱ አይቀርም) ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ውሳኔውን ራሱን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ስንት ለስንት እንደተወሰነ፣ ምን እንደፈቀደና ምን እንዳልፈቀደ እወቁ። ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ከማንም ሳትፈራ የራሷን ቃል እንድትናገር ከፈለጋችሁ አሥራታችሁን አውጡ፣ ጉባኤዋ ላይ ተገኙ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቷን አጠናክሩ፤ ጣሪያዋን ሌላ ሰው እየከደነላት «በነፃነት ተናገሪ» ማለት ቀልድ ነው። ሦስተኛ፣ የሰው ስምና ፎቶ ሲላክላችሁ አታስተላልፉ። እዚያው እናንተ ጋ ይቁም።